ከፎቶግራፉ ውጭ የቀረው

አቃቂ በሚገኘው ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በጣሊያን አገር፣ በቱሪን ከተማ፣ ረጅም ካፖርት ደርቤ፣ ፈገግ ብዬ ቆሜአለሁ። ከኋላዬ የፖ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ይታያል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ቡናውን ከመቅዳቷ በፊት ወደዚያ ፎቶግራፍ ታመለክታለች፤ «ጣሊያን የተማረው ልጄ» ትላለች። እኔም ለዓመታት አንገቴን ደፍቼ ተመሰገንኩበት። ዛሬ ግን ስለዚያ ፎቶግራፍ እውነቱን ልናገር።

ካፖርቱ የእኔ አልነበረም፤ አንድ ክፍል ከምንጋራው ተማሪ የተዋስኩት ነበር። በዚያው ዕለት ጠዋትም ፈተና ወድቄአለሁ። በጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ውጤት ከ30 ይሰጣል፤ ማለፊያው 18 ነው። ብዙው ፈተና ደግሞ የቃል ነው። ተማሪው ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ከኋላው ሆነው ያዳምጣሉ። እኔ ጥያቄው ገብቶኝ፣ መልሱንም እያወቅሁት፣ ቃሉ ጠፋኝ። መምህሩ በትሕትና ሌላ ጊዜ እንድመለስ ነገሩኝ። ማታ እናቴ በስልክ «ፈተናው እንዴት ሆነልህ?» ስትለኝ «በጣም ጥሩ ነበር እማዬ» አልኳት። ፎቶግራፉንም ላክሁላት።

በባዕድ አገር የሚኖር ተማሪ ሕይወት በአብዛኛው ፎቶግራፍ የማይነሣ ሕይወት ነው። አገሩን በረገጡ በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻን በፖስታ ቤት በኩል ማስገባት፣ የተሰጠውን ደረሰኝ እንደ ክታብ ከኪስ አለመለየት፣ ለጣት አሻራ ቀጠሮ መጠበቅ፣ ፈቃዱ ባለቀ ቁጥር ደግሞ ሁሉን እንደገና መጀመር። የትምህርት ድጎማ ለማግኘት የቤተሰብን ገቢ የሚያስረዳ ወረቀት ከአቃቂ አስልኮ፣ አስተርጉሞ፣ ማኅተም በማኅተም ላይ አስደርቦ ማቅረብ። ሕጉ ለተማሪ የሚፈቅደው ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ነበርና፣ እነዚያን ሰዓታት በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሳህን ሳጥብባቸው ከረምሁ። እናቴ በሰው እጅ የላከችውን በርበሬ በጋራ ማብሰያ ቤት ሳቁላላ አብረውኝ የሚኖሩት ሳል ይዟቸው ይወጡ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ፓስታቸውን ይዘው «ከዚያ ቀይ ዱቄት ትንሽ» እያሉ ይመጡ ጀመር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አቃቂ ውስጥ የመኪና መካኒክ ነበር። ያደግሁት ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን ሲባል እየሰማሁ ነው፤ ሁሉም አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። አባቴ እንደ ልጁ የሚወደው የጭነት መኪና ደግሞ ፊያት ኤንትሬ ነበር። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1899 በተመሠረተባት በቱሪን ከተማ፣ አንድ ብርዳም ማለዳ ከመንገድ ዳር «ጎሚስታ» የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። ከበሩ ሥር ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ ሽማግሌ ጎማ ያንከባልላል። ቆሜ ቀረሁ። «ኤንትሬ» ማለት «ኤን» የተባለው ፊደልና «ሦስት» የተባለው ቁጥር መሆኑም ያን ጊዜ በራልኝ። በፈተናው ፊት የጠፋኝ ቋንቋ ለካስ ግማሹ በአባቴ የመፍቻ ሣጥን ውስጥ ነበር! ይህን ግን ለአባቴ አልጻፍኩለትም። ስለ ቤተ መንግሥቶቹና ስለ ድልድዮቹ ጻፍኩለት። አሁን በሕይወት የለም። ይበልጥ ደስ ሊያሰኘው የሚችለውን ደብዳቤ ሳልጽፍለት ቀረሁ።

ይህ ዝምታ የእኔ ብቻ አይደለም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ጣሊያን ተልከው በዚያችው በቱሪን ሥዕል ተምረዋል። በኋላም በኔፕልስ አማርኛ አስተምረዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ እኛ «ጦቢያ» የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው በሮም ነው። በዚያው ዓመት ወደ አገራችን ለሚመጣ የውጭ መንገደኛ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ መምሪያ አሳትመዋል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር መተባበራቸው ስማቸውን ቢያጠለሸውም፣ በሥነ ጽሑፋችን ያላቸው ቦታ አልጠፋም። እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ፈረንጁ በእኛ አገር እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር የመሩት ሰው፣ የዘጌው ወጣት በቱሪን እንዴት እንደዋለና እንዳደረ የሚነግረን እንዲህ ያለ መምሪያ አላወረሱንም። ምን በላ? ብርዱን እንዴት ቻለው? የትኛው ቃል ጠፋው? ልብ ወለዳችን የተወለደበትን ደጃፍ እናውቃለን፤ የጓዳውን ኑሮ ግን አናውቅም።

«ችግርን ለእናት መንገር ጭካኔ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እኔም እንዲሁ አምን ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ታናሽ ወንድሜ ያን ፎቶግራፍ እያየ አድጎ እርሱም ለትምህርት ጣሊያን ገባ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ፈተና ወደቀ። ለማንም አልተናገረም፤ ስልክ ማንሣትም ተወ። ትምህርቱን ጥሎ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው አገኘሁትና ምነው ብለው፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመህም፤ ሰነፉ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ የደበቅሁት በሽታ የያዘው ግን ሌላ ሰው ነበር። ስለዚህ ውጭ አገር የተማራችሁ ሁሉ፣ ሐውልቱን ፎቶግራፍ አንሺው ያንሣው፤ እናንተ ሰልፉን ጻፉልን። የወደቃችሁበትን ፈተና፣ የታጠበውን ሳህን፣ የጠፋውን ቃል ጻፉ። ከኋላችሁ የሚመጣው ልጅ የሚደገፍበት ምርኩዝ እርሱ ነውና።

እኔም ባለፈው ሰሞን ፎቶግራፉን ከግድግዳው አውርጄ በጀርባው «ካፖርቱ የተውሶ ነው። ጠዋት ወድቄአለሁ። በሦስተኛው ሙከራ 24 አገኘሁ» ብዬ ጻፍሁበትና ለእናቴ አነበብሁላት። መነጽሯን አውልቃ ጥቂት ዝም አለች።

«እጅጌው ጣትህን ሸፍኖት የለም እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ። «የሰው መሆኑንማ ያኔውኑ አውቄአለሁ። አንተ ካልነገርከኝ ብዬ ነው እንጂ፣ ያን ክረምት ስንት ሌሊት ብርድ መታው እያልሁ አደርሁ መሰለህ?»