ጦርነት የመረጠለት ጠመንጃ

በገበያ ቀን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ይህን ማየቱ አይቀርም። ገበሬው በርበሬ የጫነች አህያ እየነዳ በትከሻው ክላሽ አንግቷል። አህያዋ የተሸከመችው የዓመቱን ልፋት ነው። ትከሻው የተሸከመው ግን ከዚያም ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ ጥማድ በሬ የተሸጠበት ነው።

ለምን ገዛው? መልሱ ሦስት ነው፦ ለአውሬ፣ ለሌባና ለክብር።

በአውሬው እንጀምር፤ እውነት ነውና። ከብር ሸለቆ እስከ ዓባይ በረሃ ጠርዝ ድረስ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት በቆሎ ይበላሉ። እሸቱ ከያዘ ጀምሮ ቤተሰቡ በተራ ማማ ላይ ያድራል። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ወንጭፍ ይዞ ይውላል። ጅብ ጥጃ ይነጥቃል። "ገበሬ መሣሪያ ምን ያደርግለታል?" የሚል የአዲስ አበባ ተንታኝ ማማ ላይ አድሮ አያውቅም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የትኛው መሣሪያ ነው?

በሌላው ዓለም ያለ ገበሬ ለከርከሮና ለቀበሮ የሚይዘው ጠመንጃ የታወቀ ነው፤ ፓምፕ አክሽን የሚሉት። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለች ቱቦ ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ናቸው። ተኳሹ የፊቱን እንጨት ወደ ኋላ ሲስበው ቀለሁ ይወጣል፣ ወደ ፊት ሲመልሰው ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ለእያንዳንዱ ተኩስ እጅ መሥራት አለበት። ከእነዚህ አንዱ፣ አሜሪካዊው ሬሚንግተን 870፣ በ1950 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ውሎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጭቃና አቧራ ይችላል። የሚረጨው የእርሳስ ፍንጣሪ ውጤቱ እስከ 40 ሜትር ግድም ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ በፍጥነት ይደክማል። አንድ የበቆሎ ማሳ ለመጠበቅ ይህ በቂ ነው።

ክላሽስ? የሶቪየት ጦር በ1949 እ.ኤ.አ. የታጠቀው የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው። ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል። ማነጣጠሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እስከ 800 ሜትር፣ በኋለኛው ሞዴል ደግሞ እስከ 1000 ሜትር ይደርሳል። በጨለማ ከርከሮውን የሳተ አረር ማሳው ዳር አይቆምም። ማሳውን አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ የጎረቤት ጭቃ ግድግዳ ይበሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን የጎጃም ሰው ያውቀዋል፤ ሐዘን፣ ደም፣ ሽምግልና፣ ሽምግልናው ካልያዘም ሌላ ደም። በሬ ሸጦ የተገዛው መሣሪያ ቤተሰቡን ከቀዬው ያስነቅለዋል።

ፓምፕም ገዳይ ነው፤ በቅርብ ርቀት ምሕረት የለውም። ልዩነቱ ግን ስህተቱ ሩቅ አለመሄዱ ነው። በንዴት የተሳበ ምላጭ ሠላሳ ጊዜ አይጮህም። በሁለት ተኩስ መካከል ያለችው ቅጽበት አጭር ናት፤ ግን አለች።

ታዲያ ገበሬው ለምን አልያዘውም? ተሞኝቶ አይደለም። የጠመንጃዎቹን ስም መቁጠር ነው፦ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ክላሽ። ሁሉም የሠራዊት መሣሪያ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ሲወጣ፣ በ1983 የደርግ ጦር ሲበተን፣ መሣሪያው ወደ ገበሬው እጅ ገባ። ገበሬው መሣሪያ መርጦ አያውቅም፤ ጦርነት የመረጠለትን ነው የታጠቀው። የክላሽ ጥይት በየገበያው ይሸታል፤ የፓምፕ ጥይት ግን ማን ያመጣለታል? ጥይት የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው።

ሦስተኛው መልስ፣ ክብር፣ ከሁሉም ይከብዳል። ክላሽ ያልያዘ ጎልማሳ በሠርግም በለቅሶም እንደ ጎደሎ ይታያል። ይህን ባህል ነው ብሎ ማሞገስ ቀላል ነው። ነገር ግን በዚህ አገር የሰው ልክ ጎተራው፣ በሬውና በሸንጎ የሚሰማ ቃሉም ነበር። በሬውን ሸጦ ክላሽ የገዛ ሰው አንዱን ክብር በሌላው ለወጠ እንጂ ምንም አልጨመረም።

መንግሥትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያስገድዳል። የዱር እንስሳት ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ማማ ላይ ላደረው ገበሬ "ይህን አትያዝ" እንጂ "ይህን ያዝ" ያለው አለ? ፈቃድ መቆጣጠሪያ ብቻ ሲሆን ገበሬው ምዝገባን የመንጠቅ ዋዜማ አድርጎ ያያል። ይህ ፍርሃት ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ በገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ላይ ከተነሡት ቅሬታዎች አንዱ የመሣሪያ ምዝገባው ነበር። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። መሣሪያው ግን ገበሬው ቤት ቀረ።

"ጦርነት ውስጥ ሆኖ ስለ ከርከሮ ማውራት ቅንጦት ነው፤ ክላሹን የሚጥል ሰው ማን ይጠብቀዋል?" የሚል ይኖራል። ከባድ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ፍኖተ ሰላም ላይ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 በከተማዋ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። በዚያ ቀን ከተማዋ ውስጥ የነበረ ክላሽ ሁሉ ከሰማይ የመጣውን አላስቆመም። ክላሽ በትከሻው ያነገተ ገበሬ ደግሞ ከሩቅ ለሚያየው ገበሬ አይመስልም፤ ተዋጊ ይመስላል። ይጠብቀኛል ያለው መሣሪያ ዒላማ ያደርገዋል።

ዛሬ ማንም ክላሹን አይጥልም፤ ጣል ማለትም ቀልድ ነው። ግን ይህ ጦርነት አንድ ቀን ያበቃል፤ በማግስቱም የትጥቅ ጥያቄ ይመጣል። ያኔ ትእዛዙ "ሁሉንም አስረክቡ" ብቻ ከሆነ ጠመንጃው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጓሮ ይቀበራል። አማራጭ አለ፦ ክላሽ አስረክቦ፣ በስሙ የተመዘገበ የማሳ ጠመንጃ መውሰድ። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጥይቱንም ያከፋፍል፤ ቀለህ የመለሰ በቁጥሩ ይውሰድ። ለሚያጠፋ አውሬ የሚሰጠው ፈቃድ ወረዳው ላይ ይለቅ እንጂ ገበሬው ቢሮ ለቢሮ አይንከራተት። ከሁሉ በፊት ግን የሕዝቡን ደኅንነት የሚጠብቅ፣ ሕዝቡም የሚያምነው ፖሊስ ይኑር፤ ያለዚያ የተባለው ሁሉ ወረቀት ነው።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ መንገድ የሚሄደው ገበሬ በትከሻው መሣሪያ ይኑር ቢባል እንኳ፣ በቆሎውን የሚጠብቅለት እንጂ በሬውን የበላበት መሆን የለበትም።