ቀንድ አውጣውን ሳንለይ መድኃኒት አንግዛ

ክረምቱ አልፎ መስኩ በለመለመበት ወቅት በግ አርቢው ደስ ሊለው ሲገባ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙዎች ሥጋት የሚያድርባቸው በዚያው ሰሞን ነው። በጉ ሣሩን እየጋጠ ይከሳል፤ የዓይኑ ሽፋን ሲገለጥ ደም የራቀው ይሆናል፤ ከመንጋጋው ሥር እብጠት ይወጣል። ታርዶ ሲታይም በጉበቱ ቱቦዎች ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ይገኛል። ይህ የጉበት ትል ለባለሙያውም ለገበሬውም አዲስ ነገር አይደለም።

ትሉ ግን ከበግ ወደ በግ በቀጥታ እንደማይተላለፍ ልብ ሊባል ይገባል። ከበጉ ፋንድያ ጋር የወጣው እንቁላል እርጥበት ባለበት ቦታ ተፈልፍሎ ወደ አንዲት የውሃ ቀንድ አውጣ ይገባል። በቀንድ አውጣዋ አካል ውስጥ ሳምንታት አሳልፎ፣ ከአንድ የገባ እጭ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኖ ይወጣና በሣር ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። በጉ የሚለከፈው ያንን ሣር ሲግጥ ነው። ስለሆነም የበሽታው ቁልፍ ያለው በዚያች ቀንድ አውጣ ዘንድ ነው።

ይሁን እንጂ በብዙ ቀበሌዎች የሚደረገውን ስንመለከት፣ የመድኃኒቱ ግዢ ይቀድማል፤ የቀንድ አውጣዋ ጉዳይ ጨርሶ አይነሳም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከአባላቱ መዋጮ ሰብስቦ መድኃኒት ይገዛል፤ ለደጋውም ለቆላውም በአንድ ቀን ይታደላል፤ በጎቹ መሞት ሲቀጥሉ መድኃኒቱ ይወቀሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ነው። የእኛ አስተያየት አጭር ነው፦ በየቀበሌው ያለው ቀንድ አውጣ ተሰብስቦ ዓይነቱ ሳይለይ የሚወጣ ገንዘብ ግማሹ ባክኗል።

ለምን መለየት ያስፈልጋል

በአገራችን የጉበት ትል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፋሺዮላ ሄፓቲካ ሲሆን፣ የሚያሳድገው ጋልባ ትሩንካቱላ፣ በቀድሞ ስሙ ሊምኒያ ትሩንካቱላ የሚባለው ትንሽ የደጋ ቀንድ አውጣ ነው። ሁለተኛው ፋሺዮላ ጂጋንቲካ ሲሆን፣ የሚያሳድገው ራዲክስ ናታሌንሲስ፣ በቀድሞ ስሙ ሊምኒያ ናታሌንሲስ የተባለው ተለቅ ያለ ቀንድ አውጣ ነው። ጂጋንቲካ በአብዛኛው ከ1,800 ሜትር በታች የሚገኝ ሲሆን፣ ከ1,200 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ንፋስ መውጫ በደጋው ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ የሚወርድ ሰው ደጋውንና ወይና ደጋውን አልፎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ቆላ ይደርሳል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ቀንድ አውጣዎች ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል በጉና አጥቢያ ባለው ብርድ፣ ቀንድ አውጣ ቢገኝም ትሉ በውስጡ ማደግ ሊሳነው ይችላል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ይቆማልና። ከዚህም በላይ በንፋስ መውጫ ገበያ የተገዛ በግ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ፣ ጉበቱ ላይ ትል ስለተገኘ ብቻ የከተማው ዙሪያ መስክ ተበክሏል ማለት አይቻልም። ማስረጃው ከመስኩ መሰብሰብ አለበት።

የሁለቱ ቀንድ አውጣዎች አኗኗር ስለሚለያይ የመከላከያውም ዘዴ ይለያያል። ትንሹ የደጋ ቀንድ አውጣ በጥልቅ ውሃ ውስጥ አይውልም። በምንጭ ዳር፣ በጨፌ፣ ከብት ረግጦት ውሃ በቋጠረ የኮቴ ጉድጓድና በቦይ ጠርዝ ጭቃ ላይ ይገኛል። በጋ ሲገባ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ ይነቃል። ለእርሱ የሚበጀው ውሃውን ማንጣፈፍ፣ የምንጩን ዙሪያ ማጠርና በጎችን ከጨፌው ማራቅ ነው። ትልቁ ግን በኩሬ፣ በግድብ ዳርና ዓመቱን ሙሉ ውሃ በማይለየው ቦይ ውስጥ ከውሃ አረም ጋር ይኖራል። ለእርሱ ደግሞ የቦዩን አረም ማጽዳት፣ ቦዩን በየጊዜው ማድረቅና ለከብት የተለየ ማጠጫ ማዘጋጀት ይጠቅማል። አንዱን ከሌላው ሳይለይ ቦይ ሲጠርግ የከረመ ማኅበር፣ በሽታው ከጨፌው እየመጣ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ቅርፊቱ እንዴት ይነበባል

የቅርፊቱን ሹል ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራሳችን አዙረን እንያዘው። አፉ በቀኛችን በኩል ከሆነ የሊምኒያ ወገን ሊሆን ይችላል። በግራችን በኩል ከሆነ ቡሊነስን እንጠርጥር። ቅርፊቱ ጫፍ የሌለውና እንደተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ከሆነ ባዮምፋላሪያ ወይም የእርሱ ዘመድ ነው።

በቀኝ የሚከፈቱትን ሁለቱን ስንለይ፣ ትሩንካቱላ ሲያድግም ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጥምዞቹ እንደ ደረጃ ተለያይተው ይታያሉ፤ አፉም ከጠቅላላው ርዝመት ግማሽ ያህል ነው። ናታሌንሲስ ግን ከ20 ሚሊ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የመጨረሻው ጥምዝ የተነፋና አፉ ሰፊ ሲሆን፣ ጫፉ አጭር ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የናታሌንሲስ ጫጩት በመጠን ከትሩንካቱላ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ትንሽነቱን ብቻ አይቶ የደጋው ነው ማለት ያሳስታል። መጠኑን ትተን የአፉን ስፋትና የጥምዞቹን ደረጃ እንመልከት።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይብሳል። በእርጥብ ሣር ላይ ሱክሲኒያ የተባለ የየብስ ቀንድ አውጣ ይገኛል። ቅርፊቱ ስስ፣ አፉ ሰፊና በቀኝ የሚከፈት ስለሆነ ከሊምኒያ ጋር ይመሳሰላል፤ የጉበት ትል ግን አያሳድግም። ልዩነቱ በሕይወት ሳለ በግልጽ ይታያል። የየብሱ ቀንድ አውጣ ዓይኖቹ በቀንዶቹ ጫፍ ላይ ናቸው። የሊምኒያ ዓይኖች ግን በቀንዶቹ ሥር ሲሆኑ፣ ቀንዶቹም ሰፋ ብለው ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ አላቸው። የቡሊነስና የባዮምፋላሪያ ቀንዶች እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው። ይህን ለማየት አንዱን ቀንድ አውጣ በነጭ ሳህን ላይ ጥቂት ውሃ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይበቃል።

በአፉ ላይ ክዳን ያለውን ቀንድ አውጣና እንደ ባቄላ ክክ በሁለት ቅርፊት የሚገጠመውን የውሃ እንስሳ ባለሙያው ይጥላቸው ይሆናል። የጉበት ትል እንደማያሳድጉ እውነት ነው። ሆኖም አብረው ቢሰበሰቡ የውሃውን ጠባይ ስለሚናገሩ ባይጣሉ እንወዳለን።

ለሰው ጤናም ጭምር ነው

በስማዳና በእስቴ ቆላዎች ጅረት ጠልፈው በመስኖ የሚያለሙ ማኅበራት አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት አለባቸው። ጠፍጣፋው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሽታው ከታወቀ ቆይቷል። አዲስ ቦይ ለዚህ ቀንድ አውጣ አዲስ ቤት ሊሆን ይችላል። በቦዩ ውስጥ ጠፍጣፋ ቅርፊት ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ለጤና ጣቢያው መነገር አለበት። ሕፃናትም ከቦዩ ውስጥ እንዳይዋኙ ማድረግ ይገባል።

በግራ የሚከፈተው ቡሊነስ ግን ከቅርፊቱ ብቻ የሚፈረድበት አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኙ የቡሊነስ ዓይነቶች በቅርፊት እየተመሳሰሉ በክሮሞሶም ቁጥር ይለያያሉ፤ ተራው 36 ሲኖረው በደጋችን 108ና 144 ያላቸው ተገኝተዋል። ስለዚህ ባለሙያው «ቡሊነስ ነው» ብሎ ከጻፈ የእርሱን ድርሻ ተወጥቷል። ከዚያ ያለፈው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ባላረጋገጡት ስም ሪፖርት ከማሳመር፣ እስከሚያውቁት ድረስ ጽፎ ማቆም ያስከብራል።

አሰባሰብና አላላክ

ወደ እኛ ከሚደርሱት ጠርሙሶች ውስጥ ምንም ጽሑፍ የሌለባቸው ብዙዎች ናቸው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቅርፊት የልጆች መጫወቻ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ፦

1. ረጅም እጀታ በተገጠመለት ወንፊት ወይም በወረንጦ ይሰብሰብ። በባዶ እግርና በባዶ እጅ ውሃ ውስጥ አይገባም።

2. ከአንድ ቦታ ቢቻል ከ20 እስከ 30 ይወሰድ። ትልልቁ ብቻ አይመረጥ፤ ትንንሹም ይካተት። የተለያየ ቦታ ቀንድ አውጣ በአንድ ጠርሙስ አይቀላቀል።

3. የሚቀመጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ነው። ካቲካላ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ አይታመንበትም። ፎርማሊን ደግሞ እያደር ቅርፊቱን ይበላዋል።

4. ጥቂቶቹ በሕይወት ይላኩ። ውሃ ውስጥ ከታፈኑ ስለሚሞቱ፣ አየር በሚያስገባ ዕቃ በእርጥብ ወረቀት ይጠቅለሉ። ትል ያለባቸው መሆኑ የሚታወቀው ከእነዚህ ነው።

5. በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ከጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። የሚጻፈውም ቀን፣ ወረዳ፣ ቀበሌና ጎጥ፣ ከፍታው በሜትር፣ የውሃው ዓይነት፣ በቦታው የሚግጡ ከብቶችና የሰብሳቢው ስም ነው።

በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አንስቶ መላክ ዛሬ ተለምዷል። አንጠላውም። ነገር ግን አፉ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ተደርጎ ይነሳ። መጠኑ ያልታወቀ ፎቶግራፍ ከላይ የተጠቀሰውን ስሕተት ሁሉ ያስከትላል። ፎቶግራፉም ጠርሙሱን አይተካም።

ስለ መድኃኒትና ስለ እንዶድ

አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ነው። ገና ጉበቱን እየቦረቦረ ያለውን ጫጩት ትል አይነካውም። ትሪክላቤንዳዞል ግን ጫጩቱንም ያደገውንም ይገድላል። ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት በጎች በድንገት የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ በጫጩቶቹ ብዛት ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ አልቤንዳዞል አጠጥቶ መድኃኒቱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር ይሰጥ የሚለውን ለመወሰን፣ በመስኩ ያለው ቀንድ አውጣ የትኛው እንደሆነና መቼ እንደሚነቃ መታወቅ አለበት።

እንዶድን ደግሞ የማያውቅ የጋይንት እናት የለችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምር ጀመሩ። ለዚህም ሥራ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በዚህ እንኮራለን። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ በጭቃ ተቀብሮ የተኛውን የደጋ ቀንድ አውጣም አያገኘውም። ስለዚህ ዓይነቱና ቦታው ሳይታወቅ በየምንጩ እንዲበተን አንመክርም።

የእኛም ድርሻ

እስካሁን የጻፍነው ሁሉ በልማት ሠራተኛው ትከሻ ላይ ሸክም የሚጨምር ይመስላል። ፍርዱን ለማስተካከል የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ሰብስበው የላኩልን ባለሙያዎች ነበሩ፤ መልስ ሳንሰጣቸው ጠርሙሶቻቸው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰዋል። አንድ ጊዜ ልኮ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይልክም፤ አይፈረድበትም። ለደረሰን ናሙና ሁሉ ስሙንና ምን መደረግ እንዳለበት በጽሑፍ መመለስ ግዴታችን ነው። ይህን ካላደረግን የናሙና አሰባሰብ ትምህርት መስጠታችንን ብንተው ይሻላል።

ከማኅበራቱ የምንጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ዓመት ለመድኃኒት ገንዘብ ከመመደባችሁ በፊት፣ በቀበሌያችሁ ካሉት ጨፌዎች፣ ምንጮችና ቦዮች ቀንድ አውጣ ይሰበሰብ። ለዚህ ሥራ አንድ ወንፊት፣ ጥቂት ጠርሙሶች፣ እርሳስና የአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል። ዋጋውም ከአንድ የሞተ በግ ዋጋ ይረክሳል። የቀበሌው ካርታ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የትኛው ቀንድ አውጣ በየትኛው ምንጭ እንደሚገኝ ምልክት ሲደረግበት፣ የመድኃኒቱ ግዢ በዚያ ካርታ ይመራል። በጎቹ የትኛውን መስክ በየትኛው ወር እንደሚግጡም አባላቱ ካርታውን እያዩ ይመክራሉ። ጠርሙሶቹን እንጠብቃለን።