ቴሌማኮስ ሰው የሆነው መቼ ነው?

የሆሜርን «ኦዲሴይ» ያነበቡ ወጣቶች ስለ ቴሌማኮስ ሲከራከሩ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ሐሳብ አለ፦ «ልጁ ለአቅመ አዳም የደረሰው አባቱ ተመልሶ አብረው ሲዋጉ ነው።» ፈጽሞ አልቀበለውም።

ኦዲሲየስ ወደ ትሮይ ሲዘምት ልጁ ጡት አልጣለም ነበር። 20 ዓመት ያለ አባት ኖረ። እናቱን ለማግባት የመጡ 108 ወንዶች ቤቱን ወርረው ከብቱን እያረዱ ይበላሉ። ሆኖም አባቱ ሳይመጣ በፊት የኢታካን ሸንጎ ጠርቶ በአደባባይ ከሰሳቸው። እንባ ቢቀድመውና በትሩን መሬት ላይ ቢወረውር ልጅነት ነው ይሉታል። አምላኪቱ አቴና ገፋፍታዋለች፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኦዲሲየስ ከሄደ ወዲህ ሸንጎ ተጠርቶ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ ሽማግሌዎቹ የት ነበሩ?

ወደ ውጊያውም እንምጣ። ጠላቶቹ መሣሪያ ሲያገኙ ኦዲሲየስ ሌላ ሰው ጠረጠረ። ቴሌማኮስ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የዕቃ ቤቱን በር ሳልዘጋ ትቻለሁ» አለ። ሞት ፊት ለፊቱ ቆሞ ይህን መናገር የቻለ ወጣት ጎልምሷል።

በዚያው ቀን ከወራሪዎቹ ጋር የተኙ 12 ገረዶችን በገመድ ሰቀለ። አባቱ ያዘዘው በሰይፍ ነበር፤ ንጹሕ ሞት አይገባቸውም ብሎ ገመዱን የመረጠው ልጁ ነው። ለመሆኑ በዚያ ቤት አንዲት ባሪያ እምቢ ማለት ትችል ነበር? ይህን «አባቱን መሰለ» ብላችሁ የምታጨበጭቡለት፣ ልጁ እዚህ ላይ አባቱን አልመሰለም፤ በጭካኔ በለጠው እንጂ።