«ይጠብቃል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ስለ ንግግር ድምፅ ስንነጋገር አንዱን ፊደል «ይጠብቃል»፥ ሌላውን «ይላላል» እንላለን። ቃሉን ከልጅነታችን ስለ ለመድነው ከየት እንደ መጣ አንመረምረውም። ከክፍል ስንገባማ «ጀሚኔሽን» ማለት የዕውቀት ምልክት ይመስለናል። እኔ ግን የገዛ ቃላችን ይበልጣል ባይ ነኝ።

የባዕዱ ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን «መንታ» ማለት ነው፤ አንዱን ድምፅ ሁለት አድርጎ ይቈጥረዋል። የእኛው የገመድና የቋጠሮ ቃል ነው። ስለ መዋኘት «ዋና» ስንል ምላስ ድድን ነካ አድርጎ ያልፋል፤ «ዋና ከተማ» ስንል ግን እዚያው ተጣብቆ ይቈያል። ድምፁ ሁለት ጊዜ አይነገርም፤ ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል እንጂ። ስያሜው እንግዲህ የአፍን ሥራ በትክክል ይገልጻል።

ደግሞም ቃሉ ራሱ ለነገሩ ምሳሌ ነው። «ይጠብቃል» ስንል «ብ» ከላላ ቋጠሮው ይጠብቃል፤ «ብ» ከጠበቀ ዘበኛው በሩን ይጠብቃል። በንኡስ አንቀጽ ሲሆኑ «መጥበቅ» እና «መጠበቅ» ተብለው ይለያያሉ፤ እዚህ ግን በወረቀት ላይ አንድ ናቸው።

ችግሩም ይኸው ነው። ፊደላችን ሰባቱን አናባቢዎች ለይቶ ሲጽፍ ጥብቀትን አይጽፍም። ባለቅኔው በዚህ ኅብረ ቃል ያበጅበታል፤ መልካም። ነገር ግን አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ ጓደኛችን «የገና በዓል» የሚለውን አላልቶ ሲያነብ ክፍሉ በሙሉ ይሥቃል። ጥፋቱ የአንባቢው ነው ወይስ የጽሕፈቱ? በ1984 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል የመረጠው አፋን ኦሮሞ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ያሳያል።

«ከአገባቡ ይታወቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የሚታወቀው ግን አስቀድሞ ለሚያውቀው ነው። በፊደሉ ራስ ላይ ነጥብ ማኖር አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በሰዋስው መጻሕፍት ተሠርቶበታል፤ ዩኒኮድም በ2005 እ.ኤ.አ. ለምልክቱ ቦታ ሰጥቶታል። ጋዜጣውና ልብ ወለዱ እንደ ልማዳቸው ይቈዩ። መዝገበ ቃላትና የጀማሪዎች መጽሐፍ ግን ነጥቧን ሊነፍጉ አይገባም።

መምህራንም ሆይ፥ ቃሉን በአማርኛ አስተምሩን፤ እኛም ተማሪዎቹ ከመሣቃችን በፊት ፊደሉ ምን እንዳልጻፈ እናስብ።