ስለ ሩቅ ማያ መነጽርና ስለ ትንሽ ፎቶግራፍ ማንሻ ምርጫ

ሹም በሰው ላይ ያለ ምስክር እንደማይፈርድ፥ በሰማይ አሞራም ላይ ያለ ምስክር ሊፈርድ አይገባውም። ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት በግ የሚያግድ ሰው «አሞራ ግልገሌን ነጠቀኝ» ብሎ ሲያመለክት፥ በደለኛው ንስር ይሁን ወይስ የሞተ ከብት አጥንት የሚበላው ጢማሙ ጥንብ አንሳ፥ ከሩቅ በባዶ ዓይን መለየት ያስቸግራል። በጥርጣሬ መርዝ ቢቀመጥ ግን፥ ጥፋቱ የሚደርሰው በክት እያነሣ አገሩን በሚያጸዳው ወፍ ላይ ነው። በአፍሪካ የጥንብ አንሳ ዘር ከተመናመነባቸው ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው። ፎቶግራፍ ከተነሣ ግን ጥቁር ጢሙና እንደ ሽብልቅ የሾለ ጅራቱ ይታያል፤ ክርክሩም ይቆማል።

ለዚህ ሥራ ትልቅና ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሩቅ ማያ መነጽር ላይ የሚገጠም ትንሽ ፎቶግራፍ ማንሻ ይበቃል። ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ያስፋፋው የማሌዢያው አዕዋፍ ተመልካች ላውረንስ ፖ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ 950 በዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነው፥ ሌንሱ 3 ጊዜ ብቻ የሚያጎላ፥ ሲያጎላም ወደ ውጭ የማይረዝም፥ ማገናኛ የሚጠመዘዝበትም ጥርስ ያለው ስለ ነበረ ነው።

ገዢ የሚሳሳተው ማጉላትን በማብዛት ነው። 20 ወይም 30 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ ረዝሞ ስለሚወጣ ከመነጽሩ ጋር አይስማማም፤ በሥዕሉም ዙሪያ ጥቁር ክብ ይተዋል። የማጉላቱ ሥራ የመነጽሩ ነው፤ 30 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ሲገናኝ እንደ 1500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያቀርባል። ፊቱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር በ30 ጊዜ ሲያጎላ 2.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብርሃን ይሰጣል፤ በ60 ጊዜ ግን 1.3 ብቻ ስለሚሆን ሥዕሉ ይጨልማል።

ማገናኛው የሁለቱን ሌንሶች መካከል አስተካክሎ የሚይዝ፥ የማይወዛወዝ፥ ፈጥኖም የሚነቀል ይሁን፤ አስቀድሞ ወፉን በዓይን ማግኘት ያስፈልጋልና። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ሸንተረር ነፋሱ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ዝቅ አድርጎ በ2 ሴኮንድ መዘግየት ማንሣት ይሻላል።

«የእጅ ስልክ ይበቃል» የሚሉ አሉ፤ ለመጀመሪያ ማስረጃ እውነታቸው ነው። ስልክ ያለው ጽሕፈት ቤት ገንዘቡን ለመነጽሩና ለማቆሚያው ያውል። ነገር ግን ብዙ ሌንስ ያለው ስልክ ራሱ ሌንስ እየለወጠ ሥዕሉን እንዳያበላሽ ይጠበቅ።

ስለዚህ ሹማምንትና የመሬት ባለይዞታዎች ሆይ፥ ዋጋ ከመክፈል በፊት መነጽራችሁን ወደ ሱቅ ይዛችሁ የዓይን መመልከቻውን ስፋት ለኩ፤ ገጥማችሁም አንሡ፤ የሥዕሉ ጥግ ከጠቆረ መልሱት። የተነሣውንም ሥዕል ከቦታው፥ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር መዝግቡ። መርዝ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ተመልሶ አይነሣም፤ ምስክሩ ይቅደም።