ታኮ የሌላት ከተማ

የተወለድኩት ደባርቅ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ወደ ዛሪማ ሲወርድ አንዳንዴ ያስከትለኝ ነበር። መኪናው ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወሬ ይቆማል። እናቶች ያማትባሉ፣ ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ እየያዘ ይወርዳል። ረዳቱ ደግሞ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ታኮውን አይለቅም፤ መኪናው ገና ሲቆም ዘሎ ጎማው ሥር ይሸጉጣታል። ታኮ እኮ ቁራጭ እንጨት ናት። ያ ሁሉ ጭነትና ያ ሁሉ ነፍስ ግን እሷን ተማምኖ ነው የሚቆመው።

ሊማሊሞን ያስጠረበው ጣሊያን ነው፣ በአምስቱ የወረራ ዓመታት። ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ለጦሩ ካሚዮን ብሎ ነው። ቢሆንም ገደሉ ገደል መሆኑን አልካደም፤ የድጋፍ ግንብ አቆመለት። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ የራሳችን ሹማምንት የሰፈራችንን ገደል ገደል ነው ለማለት እንኳን ፈቃደኛ አለመሆናቸው ነው።

አሁን የምኖረው ጎንደር ከተማ፣ ወደ አንገረብ በሚያዘቀዝቅ ሰፈር ነው። መንገዳችን ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ አፈር ነው። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከታች ትምህርት ቤት አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባጃጁም፣ ጭነት የያዘው አህያም፣ ተማሪውም በአንድ ላይ ይወርዳሉ። የእግረኛ መሄጃ የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ክረምት አንድ ባጃጅ ፍሬን እምቢ ብሎት ቦዩ ውስጥ ተገለበጠ። ተሳፍረው የነበሩት ጎረቤታችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ እግራቸው ተሰብሮ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሰፈርተኛው የባሕር ዛፍ እንጨት ተከለና ቀይ ፌስታል አሰረበት። ያለን የትራፊክ ምልክት ያቺ ፌስታል ናት።

አቤት አላላችሁም እንዳንባል ብለናል። ማመልከቻ ጽፈን፣ ተፈራርመን ወሰድን። መጀመሪያ «መንገዱ የማን እንደሆነ ይጣራል» ተባልን። ቀጥሎ «በዘንድሮ ዕቅድ አልተያዘም» መጣ። በሦስተኛው ምልልስ «አስፋልት ሊሠራ ነው፤ አሁን መነካካቱ ብክነት ነው» አሉን። እሺ፣ ሲሚንቶና አሸዋውን እኛ እናዋጣ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንሥራ ስንል ደግሞ «ያለ ፈቃድ መንገድ መንካት ያስጠይቃል!» አይገርምም? ባለቤት ያልነበረው መንገድ እኛ ልንነካው ስንል ባለቤት አገኘ።

ጊዜው ክፉ ነው፣ በጀቱም ጠባብ ነው የሚል ክርክር ይነሳል። አልክድም። ግን በዚሁ ክፉ ጊዜ ፋሲል ግቢ ታድሷል፣ የኮሪደር ልማትም ተሠርቷል። ደስ ብሎኛል፤ ከተማዬ ነች። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እንግዳ የሚያየው መንገድ ሲያምር፣ እንግዳ የማይረግጠው የእኛ ቁልቁለት የቦይ ክዳን እንዴት ይነፈገዋል? ክዳን ሪባን አይቆረጥለትም፤ ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል።

ደግሞስ ገንዘቡን ሳንከፍል ቀርተን ነው? በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ፣ ከነዳጅ ሽያጭ በሚሰበሰብ ገንዘብ መንገድ እንዲጠገንና የመንገድ ደህንነት እንዲጠበቅ የታሰበ ነው። ያ ባለ ባጃጅ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ለመንገድ ጥገና ከፍሏል፤ ሒሳቡን በታሪፍ የሸፈነችው ደግሞ ተሳፋሪዋ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ከማንኛውም በሽታ በላይ ገዳይ እሱ ነው። መኪና ከፊት የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ 4.5 እጥፍ ይሆናል። ጉብታ የምንለምነው ለዚህ ነው፤ የፍጥነትን ትንሽ ቅናሽ የሚያመጣ ነገር ሁሉ ነፍስ ስለሚያተርፍ።

በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ እዚሁ ጎንደር በጥምቀተ ባሕሩ የእንጨት መቀመጫ ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱብን። ከዚያ በኋላ ሁሉም ስለ እንጨቱ ማውራት ጀመረ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጌጥ አይደለም። እኛ ግን ከተቃጠለ በኋላ አመድ እየዞርን ማዘንን ልማድ አድርገነዋል።

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ የዚህ መንገድ ኃላፊ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረን። ሁለተኛ፣ አስፋልቱ እስኪመጣ ቦዩ ይከደን፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጉብታ ይሠራ። ሦስተኛ፣ አስፋልቱ መቼ እንደሚጀመር ቀኑ ይለጠፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችልም ይጨምራል። ሰፈራችን ይህን አንቀጽ ማንበብ ጀምሯል።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት መታጠፊያው ላይ ቆሜ ባጃጆቹን «ቀስ! ቀስ!» እላለሁ። ጎረቤቶቼም ተራ ገብተዋል። የሊማሊሞው ረዳት ለሥራው ደመወዝ ነበረው፣ እጁም ላይ ታኮ ነበረች። እኛ ባዶ እጃችንን ነን፤ ክረምቱም እየመጣ ነው።