ቅዳሜ ብቻ የሚያርፍ ተማሪ የት ይሂድ?



ዛሬ የምጽፈው ከኢትዮጵያ ለትምህርት ወደዚህ አገር ስለሚመጡ ልጆች ነው። አሽዶድ ያለን ሰዎች እምብዛም አናያቸውም እንጂ ሩቅ አይደሉም። ረሆቦት በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ የሚማሩ አሉ፤ ታች አረቫ በረሃ ደግሞ ማሳ ላይ እየሠሩ ግብርና የሚማሩ አሉ። ያነጋገርኳቸው ልጆች አገሩን አላዩትም። የሚያውቁት ማደሪያቸውን፣ ክፍላቸውንና ማሳውን ነው። ለምን ብትሏቸው "ሽርሽር ገንዘብ ይፈልጋል" ይላሉ።

እኔ ግን ዋናው ችግር ገንዘብ አይመስለኝም፤ ቀኑ ነው። ልጁ የሚያርፈው ቅዳሜ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ይቆማል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ እስከ ቅዳሜ ማታም አይመለስም። ለእኛ ሰንበት ነው፣ ደስ ይለናል፤ ቤታችን ሙሉ ነው። ዘመድ ለሌለው እንግዳ ግን የቀረው ታክሲና የአስጎብኚ መኪና ነው፤ እሱ ደግሞ የተማሪ ኪስ አይችለውም። በዚያ ላይ እናት ከጎንደር ትደውልና "ልጄ፣ ኢየሩሳሌምን ተሳለምክልኝ?" ትለዋለች። ምን ይመልስላት?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ አርብ ቀትር ሳይሆን መጥቶ የሚያድርበት አንድ ቤት ካገኘ፣ ሽርሽሩ ከባቡር ሒሳብ አያልፍም። በራቭ ካቭ ካርዱ ላይ የተማሪ ቅናሽ ይገባው እንደሆነም ይጠይቅ።

አሽዶድ ውስጥ ምን አለ ትሉኝ ይሆናል። ገና ከባቡር ሲወርድ የላኪሽ ወንዝ አለ። ጣቢያው ዓድ ሃሎም ይባላል፣ "እስከዚህ" ማለት ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ጦርነት የግብፅ ጦር ወደ ሰሜን ሲገሰግስ የቆመው እዚያ ድልድይ አጠገብ ነው። ለወደቁት የግብፅ ወታደሮችም ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ወታደር ለነበርን ሰዎች ይህ ቆም ብለን የምናየው ነገር ነው። ወንዙ ዳር ያለው መናፈሻ በነፃ ነው። የከተማው የባሕር ዳርቻም እንዲሁ፤ ውሃና ዳቦ ይዞ ቀኑን ሙሉ መዋል ነው። ወደብ በኩል ደግሞ የዮናስ ኮረብታ አለ፤ ነቢዩ እዚያ ተቀብሯል የሚል ልማድ አለ (ሞሱልም የእኔ ነው ትላለች፣ እኔ አልከራከርም)። ከላይ ሆኖ መርከቦቹን ማየት ግን ያስደስታል።

ለክርስቲያን ተማሪ አንድ ነገር ልጨምር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ከተጠመቀ በኋላ ፊልጶስ "አዛጦን" ተገኘ ተብሎ ተጽፏል። አዛጦን ማለት ይህችው አሽዶድ ናት። የጥንቱ የባሕር ከተማ ፍርስራሽና በእስልምና መጀመሪያ ዘመን የተሠራው ምሽግ ከከተማው በስተደቡብ ባሕሩ ዳር ይታያሉ። ከአገር ቤት የመጣ ልጅ እዚያ ቆሞ ፎቶ ቢልክ ለእናቱ ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ኢየሩሳሌም ሌላ ቀን ይፈልጋል። በሥራ ቀን ዕረፍት ሲያገኝ በማለዳ ይነሣ። ዴር ሱልጣን፣ ጎልጎታ፣ የኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያለችው ክቧ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፣ የምዕራቡ ግንብ፤ አንዱም መግቢያ አይጠይቅም። እግር ብቻ ይጠይቃል።

ከዚህ በታች ያለውን እንደ ወታደር ስሙኝ። ደጋ ያደገ ልጅ ባሕሩን እንደ ጣና ዳር እንዳያየው፤ ማዕበሉ ሲመለስ እግር ይነጥቃል። ማጺል የምንለው የነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት አይግባ። ነጭ ባንዲራ ሰላም ነው፣ ቀይ አደጋ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። አረቫ ያላችሁ ደግሞ በአጥር ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለበት ቢጫ ሰሌዳ ካያችሁ ፈንጂ ነው፤ አቋራጭ አትፈልጉ። በክረምት ሰማዩ ጠራ ብላችሁ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትቀመጡ፤ ዝናቡ ሩቅ ዘንቦ ጎርፉ እናንተ ጋ ይደርሳል። ውሃ በአንድ ሰው ከሦስት ሊትር አይነስ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። "ቤታችን ጠባብ ነው" ይባላል። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈን ያደግን ሰዎች ይህን ስንል ይገርመኛል። "ሃይማኖቱ ሌላ ነው" የሚሉም ሽማግሌዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ አገር ቤት ሳሉ ስንት ነገር ችለው እምነታቸውን እንደጠበቁ አውቃለሁ። ግን ልጁ ጸሎታችንን እንዲጸልይ አልተጠራም፤ በሰንበት እሳት እንደማንነካ ቢነገረው ይገባዋል፣ ሰንበት የሚባል ነገር እሱም ያውቃል። እኛም የእሱን እንወቅለት። አርብ ማታ የእኛ ማዕድ ዶሮ ወጥ ነው፣ የእሱ ግን ጾም ነው። ምስር ወጥ ከሰንበት በፊት ተሠርቶ ይቀመጥለት፤ ዶሮው ቅዳሜ ምሳ ይደርሳል። ከምሳ በኋላ ልጆቹን አስከትሎ በእግር እስከ ባሕሩ መሄድ ነው።

ውጭ አገርና አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች፣ የምታውቁት ተማሪ እዚህ ካለ ስልኩን ለዘመዳችሁ ስጡ፤ ልጁ አፍሮ አይደውልም፣ እኛ እንደውልለት። አርብ ዕለት ደግሞ በጊዜ ይነሣ፤ በክረምት ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች፣ የመጨረሻው ባቡርም ቀድሞ ይሄዳል።

ቸር ሰንብቱ።